ምዕራፍ 4፦ ድምፅን የሚነዳ ድምፅ

የጥር ንፋስ ጫንጮ ላይ ድምፅ ይሰርቃል። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሜዳውን ያውቀዋል። ድርቆሽ፣ ላሞች፣ እዚህም እዚያም ባሕር ዛፍ፤ ከዚያ ወዲያ ንፋሱን የሚገታ ነገር የለም። ሠርግ ቤት የተተከለ ድምፅ ማጉያ አንዴ ጆሮ ይበሳል፣ አንዴ ደግሞ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይርቃል።

እንዲህ ባለ ቀን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጎረቤት ሠርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ሙዚቀኞች ሰማሁ። የመጀመሪያው ኪቦርድ የሚጫወት የሰፈራችን ወጣት ነበር። መሣሪያውን የማሲንቆ ድምፅ ላይ አድርጎ ትዝታ ተጫወተ። ጣቱ ንጹሕ ነው፤ ቅኝቱም አልተዛነፈም። እርሱ ሲያርፍ አንድ ሽማግሌ ማሲንቋቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ያንኑ ቅኝት ይዘው ገቡ። ዳሱ ጸጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በኦሮምኛ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «የልጁ ድምፅ የተኛ ውሃ ነው፤ የሽማግሌው ግን ይፈስሳል።» በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት የተናገሩት ስለሆነ ንግግራቸውን እንደ ዋዛ አላለፍኩትም።

ወጣቱም ሰምቷቸው ኖሮ በሚቀጥለው እሑድ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ቅኝቱ ልክ ነው። ድምፁም የማሲንቆ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?»

ይህ ምዕራፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። በአንድ ከሰዓት አላለቀም።

የጎደለው ነገር ሲንተሳይዘር በሚሠሩና በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ሞጁሌሽን ይባላል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላ መሻገርንም በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ የእኛ ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም። እዚህ ሞጁሌሽን ማለት አንድ ነገር ሌላውን ሳያቋርጥ ሲቀያይረው ነው። ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ነጂ፣ ሌላው ተነጂ። የምንሰማው ተነጂውን ነው። ነጂውን በራሱ አንሰማውም፤ በተነጂው ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ብቻ እንሰማለን። በዳሱ ውስጥ ንፋሱ ነጂ፣ የድምፅ ማጉያው ዘፈን ተነጂ ነበር።

ከድምፅ ውስጥ ሊነዳ የሚችለው ዋናው ነገር ሦስት ነው። አንደኛው ቅጥነቱና ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ጉልበቱ፣ ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ቀለም የምለው ዋሽንትና ክራር አንድ ዓይነት ድምፅ በእኩል ጉልበት ቢያወጡ እንኳ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የሚለይበትን ነገር ነው።

የሽማግሌው ግራ እጅ ምን ይሠራ እንደነበር እንመልከት። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ አለው። ጊታር ላይ እንዳለው ጣት የሚያርፍባቸው የብረት መስመሮች የሉትም፤ አውታሩ ባዶ አየር ላይ የተወጠረ ነው፣ ጣት የሚነካውም ከጎኑ ነው። ስለዚህ ጣቱ በፀጉር ስፋት ቢንቀሳቀስ ድምፁ ወዲያው ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ዘፋኝም ሆነ አውታር ተጫዋች ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ እንቅስቃሴው ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እጅ ደጋኑን እየጫነና እየለቀቀ ጉልበቱን ይነዳል። ደጋኑ ጠንከር ሲል ድምፁ ይሻክራል፤ ያ ደግሞ ቀለም ነው። በአንድ አውታር ላይ ሦስት ነጂዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ተጫዋቹ ግን አንዳቸውንም ለይቶ አያስባቸውም።

አሁን ወደ ኪቦርዱ እንምጣ። የኪቦርድ ቁልፍ ከግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙም አይርቅም። ሲጫኑት «ጀምር»፣ ሲለቁት «አቁም» ይላል። የተሻለው ዓይነት በምን ፍጥነት እንደተመታ ይናገራል። በመጀመርና በማቆም መካከል ግን፣ ማለትም ሙዚቃው በሚኖርበት ጊዜ፣ በአብዛኞቹ ኪቦርዶች ላይ ከጣት ወደ ድምፁ የሚሄድ ምንም መልእክት የለም። እኚያ እናት የተኛ ውሃ ያሉት ይህን ነው። ልጁ ስለ ቅኝት ሲጨነቅ የኖረው፣ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚያሳብበው በፈረንጅ ቅኝት ላይ ስለሆነ ነው። የኪቦርድ አከፋፈል ከእኛ ድምፆች ጋር ሙሉ በሙሉ አለመግጠሙ እውነት ነው፤ በተለይ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ይሰማል። ነገር ግን በእኔ ግምት የጉድለቱ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ሳይሆን በእያንዳንዱ ድምፅ ሆድ ውስጥ ነው።

የዜማ ሊቃውንት ይህን ከሲንተሳይዘር ብዙ ቀድመው አውቀውታል። ከያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች መካከል ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ርክርክ የሚባሉትን ያየ ሰው ስማቸው የእንቅስቃሴ ስም መሆኑን ያስተውላል። ምልክቱ «ይህን ድምፅ አውጣ» ከማለት ይልቅ «ድምፁን እንዲህ አድርገው» ይላል፤ ድፋው፣ አስኪደው፣ ያዘው። በወረቀት ላይ እንደ ነጠብጣብ ሰንሰለት የሚወርደው ርክርክ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሥዕል ይመስላል። ለሲንተሳይዘር የሚሆን የአማርኛ ቃል ቢፈለግ እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ዜማው መጽሐፍ፣ ወደ ድጓው ነው።

ማሽኑ ጣት ስለሌለው ነጂዎቹን ከራሱ ውስጥ ማፍለቅ አለበት። የመጀመሪያው ነጂ በቴክኒሻኖች ዘንድ ኤል ኤፍ ኦ ይባላል። ሙሉ ትርጉሙ ዝግተኛ ንዝረት የሚያመነጭ ክፍል ማለት ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 በታች የሚመላለስ ንዝረትን እንደ ድምፅ አይሰማውም፤ እንደ እንቅስቃሴ ግን ይሰማዋል። በሴኮንድ 6 ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ወስደን ቅጥነቱን እንዲነዳ ብናደርገው ድምፁ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። ያንኑ ንዝረት ጉልበቱን እንዲነዳ ብናዞረው ድምፁ ሞቅ ቀዝቀዝ ይላል። ቀለሙን እንዲነዳ ብናደርገው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማውን ይሰማናል፤ አንባቢ «ኡ» ብሎ ጀምሮ ትንፋሹን ሳያቋርጥ ወደ «አ» ቢሄድ ፊልተር የሚባለው የሲንተሳይዘር ክፍል ሲከፈት የሚሆነውን በራሱ አፍ ሠርቶታል።

ጉልበትን መንዳት ኤሌክትሮኒክስ አይጠይቅም። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅና በቦስተን በርክሊ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ቫይብራፎን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከብረቶቹ ሥር ቱቦዎች አሉ፤ በየቱቦው አፍ ላይ ትንሽ ክብ ክዳን አለ፤ ክዳኖቹን አንድ ሞተር ያሽከረክራቸዋል። ክዳኑ ቱቦውን ሲከፍት ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋ ያንሳል። የኢትዮ ጃዝን ቫይብራፎን ሰምቶ ድምፁ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የመሰለው ሰው የሰማው ይህን ክዳን ነው። የመሣሪያው ስም ቅጥነቱ የሚንቀጠቀጥ ያስመስለዋል፤ የብረቱ ቅጥነት ግን ንቅንቅ አይልም፤ የሚነዳው ጉልበቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጂ ኢንቨሎፕ ነው። ኤል ኤፍ ኦ ሲመላለስ ይኖራል፤ ኢንቨሎፕ ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይወድቃል። የክራር ድምፅ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እየከሰመ ይሄዳል፤ የዋሽንት ትንፋሽ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከበሮ ተወልዶ ወዲያው ይሞታል። ክራርን ከማሲንቆ የምንለይበት አንዱ ነገር ይህ የሕይወት ታሪኩ ነው። የተቀዳ ክራር መነሻውን ቆርጠው ጥለው የቀረውን ቢያሰሙን ክራር መሆኑን ለማወቅ እንቸገራለን።

ሦስተኛው ነጂ የሰው እጅ ነው፤ በጎማ በኩል። ጎማ የምለው ከኪቦርዱ በስተግራ ያሉትን ሁለት የሚዘወሩ ዊሎች ነው። አንዱ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትታል፤ ፒች ቤንድ ይሉታል። ሌላው ነጂው ምን ያህል እንዲነዳ ይወስናል፤ ሞጁሌሽን ዊል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለብዙ ተጫዋቾች ያስለመደው በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚኒሙግ ነው።

ሚኒሙግን የሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ መቆየት ይገባል። በ1964 እ.ኤ.አ. ሙግ ከሙዚቃ ደራሲው ኸርበርት ዶይች ጋር ሲሠራ የደረሰበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ከዚያ በፊት የአንድ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ በአብዛኛው የሚለወጠው ሰው በእጁ ቁልፍ ሲያዞር ነበር። ሙግ ሁሉ ነገር ለኤሌክትሪክ ግፊት እንዲታዘዝ አደረገ፤ ግፊቱ በአንድ ቮልት ሲጨምር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወጣል። ድምፅ አመንጪው የሚያወጣውም ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ውጤት የሌላው ክፍል ትእዛዝ ሊሆን ቻለ። ገመድ ከዚህ ነቅሎ እዚያ መሰካት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሲንተሳይዘር ውስጥ ማንኛውም ነገር ማንኛውንም ነገር ሊነዳ ይችላል። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ነጂውን የሚነዳውስ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ነጂውም ይነዳል። ወደዚያ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ግን ራዲዮ።

አባቴ የነበራቸው ራዲዮ በባትሪ የሚሠራ ነበር። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያ ሲፈልጉ ድምፁ እየመጣ እየሄደ ይሰማ ነበር፤ ያ በላይኛው አየር የሚንጸባረቀው ሞገድ ጉልበት ሲለዋወጥ ነው። ኤ ኤም እና ኤፍ ኤም የሚሉት ፊደሎች ሁላችንም ስንጠራቸው የኖርን ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ያለችው ኤም ሞጁሌሽን ማለት እንደሆነች ለብዙዎቻችን የነገረን የለም። ሲንተሳይዘርን ለመረዳት የሚያስፈልገን ነገር እኮ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የሰው ድምፅ በራሱ ሩቅ አይሄድም። ሩቅ የሚሄደው የራዲዮ ሞገድ ነው፤ ሆኖም ባዶ ነው፣ ወሬ አይናገርም። ስለዚህ ድምፁን ነጂ፣ ሞገዱን ተነጂ ያደርጓቸዋል። ኤፍ ኤም 97.1 የሚባለው ጣቢያ ሞገድ በሴኮንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ጋዜጠኛው ሲናገር ድምፁ ያንን ፍጥነት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ቤታችን ያለው ራዲዮ ደግሞ ያችን ከፍታና ዝቅታ አንብቦ ድምፁን መልሶ ያወጣዋል። ይህ ማሲንቆው ላይ የነበረው የጣት ሥራ ነው፤ የሚነዳው ቅጥነት ነው። በኤ ኤም የሚነዳው ጉልበት ነው፤ ይህ ደግሞ የቫይብራፎኑ ክዳን ሥራ ነው። በሰበታ አቅጣጫ ገጃ ላይ የተተከሉት ትልልቅ ማሠራጫዎች፣ ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ወደ አፍሪካና እስያ ሲያሠራጭባቸው የነበሩት፣ የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነበር። መብረቅና የሞተር ብልጭታ የሞገድን ጉልበት ስለሚነካ ኤ ኤም ላይ ይንጫጫል፤ ኤፍ ኤም ግን ጉልበቱን ሳይሆን ፍጥነቱን ስለሚያነብ ንጹሕ ነው። በሌላ በኩል ኤፍ ኤም ቀጥታ የሚሄድ ሞገድ ስለሚጠቀም ተራራ ያግደዋል። ከእንጦጦ ጀርባ የሚኖር ሰው ራዲዮውን ይዞ ግቢው ውስጥ የሚዞረው ለዚህ ነው።

የዚህ ምዕራፍ እምብርት የሚጀምረው አንድ ሰው የራዲዮውን ሐሳብ ወደ ሙዚቃ ሲመልሰው ነው። ሰውየው ጆን ቻውኒንግ ይባላል፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር አንድ ድምፅ በሌላ ድምፅ እያንቀጠቀጠ ይሞክር ነበር፤ ተራውን መንቀጥቀጥ፣ በሴኮንድ 5፣ 6 ጊዜ የሚመላለሰውን። ከዚያ ነጂውን እያፈጠነ ሄደ። 10፣ 15 ሲደርስ ድምፁ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ። ነጂው ጆሮ መስማት ከሚጀምርበት ወሰን ሲያልፍ ግን መንቀጥቀጡ ጠፋ። በምትኩ የድምፁ ቀለም ተለወጠ። አንድ ተራ ፉጨት የነበረው ነገር ሀብታም፣ ብዙ ድምፆች ያሉበት ድምፅ ሆነ።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው፤ አስቸጋሪ አይደለም። ተነጂው በሴኮንድ 400 ጊዜ፣ ነጂው 100 ጊዜ ይርገብገብ። ውጤቱ 400 ብቻ አይሆንም። ነጂው በተነጂው ግራና ቀኝ በራሱ ርምጃ ልክ አዳዲስ ድምፆችን ይወልዳል፤ 300 እና 500፣ ከዚያ 200 እና 600፣ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ሁሉ የ100 ብዜት ስለሆኑ ጆሮ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቀበላቸውና አንድ ወፍራም፣ እንደ ጥሩንባ ያለ ሙሉ ድምፅ ይሰማል። አሁን ነጂውን 170 እናድርገው። የሚወለዱት 230 እና 570፣ 60 እና 740 ናቸው። እነዚህ የጋራ አባት የላቸውም። ጆሮ የሚሰማው የብረት ድምፅ ነው፤ ቃጭል፣ ደወል፣ ጸናጽል። በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ዝምድና ብቻ ጥሩንባን ወደ ደወል ለወጠው። ነጂው ምን ያህል በብርቱ እንደሚነዳ ደግሞ ስንት ልጆች እንደሚወለዱ ይወስናል፤ ቀስ ሲል ድምፁ ለስላሳ፣ ሲበረታ ብሩህና ሻካራ ይሆናል።

በገና የሚደረድር ሰው ይህን ሲያነብ እንዚራውን ያስታውሳል። እንዚራ አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ ናት። በትክክለኛው ቦታ ላይ ስትሆን አውታሩ በተመላለሰ ቁጥር ይነካታል፤ ድምፁም ያንን የሚዘመዝም ቀለም ያገኛል። የሚነካበት ፍጥነት የድምፁ የራሱ ፍጥነት ነው። ከቻውኒንግ ግኝት ጋር የፊዚክሱ ስሌት አንድ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ቅርብ ዘመዱ ነው። በጣም የፈጠነ ንክኪ እንቅስቃሴነቱ ቀርቶ ቀለም ይሆናል። የበገና ሠሪው አሥሩን አውታር አንድ በአንድ እያስዘመዘመ ቆዳውን በጥፍር ስፋት ሲገፋ የሚያደርገው ቀለም መፈለግ ነው።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ፤ ነጂውን የሚነዳው ማን ነው? የጥሩንባ ድምፅ ሲጎላ ብሩህም እንደሚሆን፣ ሲከስም እንደሚደበዝዝ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ቻውኒንግ ኢንቨሎፑን በሁለት ቦታ ሰካው፤ አንዱ የድምፁን ጉልበት፣ ሌላው የነጂውን ብርታት እንዲነዳ። ድምፁ ሲነሣ ቀለሙም አብሮ በራ። የናስ መሣሪያ ከኮምፒውተር ወጣ። የጥናቱ ጽሑፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ዩኒቨርሲቲው መብቱን ለጃፓኑ ያማሃ ሰጠ፤ ያማሃም በ1983 እ.ኤ.አ. ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። በውስጡ ለእያንዳንዱ ድምፅ 6 ንዝረት አመንጪዎች አሉት፤ ማን ማንን እንደሚነዳ የሚወስኑ 32 ዓይነት አሰላለፎችም አሉት። ማሽኑን ማዘዝ ከባድ ስለነበር በዓለም ዙሪያ አብዛኛው ተጫዋች ውስጡን ሳይነካ ፋብሪካው የሰጠውን ድምፅ ይጠቀም ነበር።

ያ ዘመን ለእኛ ምን ዓመታት እንደነበር እናስታውስ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሳደጉት የናስ ድምፅ የአዲስ አበባ ዘፈን አከርካሪ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘጋው፤ ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ማቆየት ከበደ፤ ካሴት በረከተ። ቀስ በቀስ የሦስትና የአራት ነፋሾች ቦታ በአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሁለት እጆች ተያዘ። በሺህ የሚቆጠሩ የዚያ ዘመን ካሴቶች ላይ የምንሰማው ብርጭቆ መሰል ድምፅ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል። እኔ ወቀሳውን ሙሉ በሙሉ አልጋራም። መሣሪያው ድሃ አልነበረም፤ ነጂዎቹን የሚዘውር እጅና ጊዜ ነው ያነሰው።

ለዚህ ማስረጃ የምጠራው ኃይሉ መርጊያን ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ የወጣትነቱን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር።

ያን ካሴት ከሌሎች የለየው ምንድን ነው ብዬ ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ። ከበሮው ማሽን ነው፤ ቅንጣት አይዛነፍም። በላዩ ያለው አኮርዲዮን ግን ከንፋስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወናፉን የሚገፋው ክንድ ጉልበቱን ያለማቋረጥ ይነዳል። በብዙ አኮርዲዮኖች ውስጥ ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ፤ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይለያያሉ። አንዱ በሴኮንድ 440፣ ሌላው 443 ጊዜ ቢርገበገብ ጆሮ በሴኮንድ 3 ጊዜ ሞቅ ቀዝቀዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ማንም ያልሰካው ኤል ኤፍ ኦ ነው። የማይንቀሳቀስ ምት በታች፣ የማያርፍ ድምፅ በላይ ሆነው ሲገናኙ የተኛ ውሃ አይኖርም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ከአዲስ አበባ በኮምፒውተር በሠሩት ሙዚቃ ውስጥም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሚካኤል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘላለም» ላይ አግኝቼዋለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣቱ ሲመጣ በስልኩ የቀዳውን የሽማግሌውን ማሲንቆ ይዞ መጣ። ድምፅን በመስመር የሚስል ፕሮግራም ላይ ከፍተን አንዱን ረጅም ድምፅ አጉልተን አየነው። ከጎኑ የኪቦርዱን የማሲንቆ ድምፅ ሳልነው። የኪቦርዱ መንቀጥቀጥ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነበር፤ በሴኮንድ 6 ጊዜ፣ እኩል ወደ ላይ፣ እኩል ወደ ታች፣ የታጠፈ ቆርቆሮ ይመስላል። የሽማግሌው መስመር ግን መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ግማሽ ሴኮንድ ያህል ካለፈ በኋላ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው፤ ያውም በጠባቡ። እየሰፋ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል ዝግ ይላል።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ሆነ። በኪቦርዱ ማውጫ ውስጥ ዲሌይ የሚባል ቁጥር ፈልገን ነጂው ዘግይቶ እንዲነሣ አደረግነው። የፋብሪካውን ቋሚ መንቀጥቀጥ ዜሮ አድርገን ስፋቱን ለሞጁሌሽን ዊሉ ሰጠነው፤ አሁን የሚሰፋው ልጁ በእጁ ሲያሰፋው ነው። ከእግሩ ሥር ያለው ፔዳል ደጋኑን እንዲተካ ጉልበቱን እንዲነዳ አደረግን። ርካሽ ኪቦርድ ያለው ሰው ዲሌይም ሞጁሌሽን ዊልም ላያገኝ ይችላል፤ ፒች ቤንዱን ግን ያገኛል፤ እርሱን በጣት እያወዛወዙ መንቀጥቀጥን በራስ እጅ መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ዊሉን ከድምፅ ወደ ድምፅ ለመንሸራተት ብቻ ነው የሚጠቀምበት፤ ሀብቱ ግን በትንንሾቹ ንቅናቄዎች ውስጥ ነው።

ልጁ ተጫወተ። ካለፈው ሳምንት ጋር አይነጻጸርም። እርሱ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስልኩን አንሥቶ ሥዕሉን እንደገና አጎላውና «ጋሼ፣ ይሄን ይመልከቱ» አለኝ። እኔ ያላየሁትን አይቷል። በዚያ ቅጂ ላይ የሽማግሌው መንቀጥቀጥ እኩል ወደ ላይና ወደ ታች አልነበረም። ከድምፁ ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ድምፁ ላይ ያርፋል፤ ከበላዩ እምብዛም አይወጣም። ማሽኑ የሚያንቀጠቅጠው በድምፁ ዙሪያ ነው፤ ሽማግሌው ከድምፁ ሥር ነው። ኤል ኤፍ ኦውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ በፒች ቤንዱ ወደ ታች ብቻ እየነካ ሞከረ። ክፍሉ ውስጥ ሽማግሌው የገቡ መሰለኝ፤ ለአንድ ድምፅ ያህል።

ማክሰኞ፣ የገበያው ግርግር ሲበርድ፣ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ልጁ ስለ ጣታቸው ሲጠይቃቸው የሚሉት ነገር አልነበራቸውም፤ ማሲንቆውን አንሥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፣ የግራ እጁን ይዘውም ጣቱን ከጭራው ጎን አሳረፉለት።

«አትጫነው» አሉት። «አስቀምጠው ብቻ።» ከዚያ ደጋኑን እርሳቸው ራሳቸው ሳቡት።